የአምበሉ ስም

የፋብሪካ ጭስ ማውጫ በቆመበት ሁሉ የእግር ኳስ ሜዳ አብሮ ይበቅላል። ይህ በማንቸስተርም፣ በድሬዳዋም፣ በአቃቂ በሰቃም የታየ እውነት ነው። ዛሬ ዓለም በሀብቱ የሚያውቀው ማንቸስተር ዩናይትድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1878 ሲመሠረት የባቡር ሠራተኞች ቡድን ነበር። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀኑም ሌሊቱም በደወል ተለክቶ የተሰጠው ነው፤ በማሽን ፊት ሲቆም እጁና ዓይኑ እንጂ ሌላው አካሉ አይፈለግም። ከሥራ ሲወጣ ግን እግሩን ይዘረጋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጮሃል፣ ጓደኛውን በስሙ ይጠራል። ኳስ ለዚህ የሚበቃ ጨዋታ ነው። ብዙ ወጪም አይጠይቅም። የሽመና ፋብሪካ ባለበት ሰፈር ደግሞ ለጨርቅ ኳስ የሚሆን ቁራጭ አይታጣም።

አቃቂ በሰቃ ከጥንት ጀምሮ የመተላለፊያ አገር ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ ይገባ የነበረው የምድር ባቡር ሐዲድ አቃቂን አቋርጦ ያልፍ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ አንሳልዶ በተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ የተሠራ ሲሆን፣ የፋሺስቱ ጦር ወሰን ሊጥስ በተቃረበ ጊዜ የኢትዮጵያ አቤቱታ ለዓለም የተሰማው ኢጣሊያኖች ራሳቸው ባቆሙት በዚሁ ምሰሶ ነበር። ከድል በኋላም አካባቢው የኢንዱስትሪ ቀበና ሆነ። በሕንድ ካፒታልና በኢትዮጵያውያን ጉልበት የተቋቋመው ኢንዶ-ኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከአራቱም ማዕዘን የመጣውን ወዝ አደር በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰበ፤ በ1967 ዓ.ም. ተወርሶ የመንግሥት ከሆነ በኋላም በአቃቂ ስም ተጠራ። ያ ፋብሪካ የሁለት አገር ልጅ ነበር። ከእርሱ የወጣውን ጨርቅ ለብሶ «የዚህ ነገር አባቱ ማነው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጨርቁ የአቃቂ ጨርቅ ነበር፤ በቃ።

ለዕቃ የተሰጠው ይህ ቸርነት ለሰው ምን ያህል ተሰጥቷል? የሁለት አገር ደም በሥሩ የሚፈስ ሰው፣ በአማርኛችን «ክልስ» የሚባለው፣ ለአንዲት አገር ላቡን ሲያፈስ፣ አገሪቱ ልጄ የምትለው በምን ጊዜ ነው? በሚያሸንፍበት ቀን ብቻ ነው ወይስ ዋንጫ በሌለበት ዘመንም? ይህን ጥያቄ ከእግር ኳስ ታሪካችን ውስጥ እንደ ሉቻኖ ቫሳሎ ሕይወት አፍረጥርጦ የሚያሳይ ሌላ ማግኘት ያስቸግራል።

ሉቻኖ ቫሳሎ በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. በአስመራ ከተማ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣሊያዊ ወታደር ተወለደ። ሁለት ወር ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የአባቱ አገር ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ሕፃኑ ጡት ሳይጥል ሁለቱ የደሙ ምንጮች ጠላቶች ሆኑ ማለት ነው። ፋሺዝም ደግሞ በጦር መሣሪያ ብቻ አልቆመም። በ1929 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ ኢጣሊያዊ ወንድ ከአገሬው ተወላጅ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በ1932 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ከዚህ ብሶ፣ ኢጣሊያዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። በዚህ ሕግ መሠረት ልጁ የእናቱ ብቻ ሆነ፤ ማሳደጉም፣ ማብላቱም፣ ማስተማሩም በእናት ጫንቃ ላይ ወደቀ። ሉቻኖ ከብዙ ዘመን በኋላ በኢጣሊያንኛ የጻፈው የሕይወት ታሪክ መጽሐፉ ርዕስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» የሚል ትርጉም ያለው መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዋንጫው፣ ከጭብጨባው፣ ከንጉሡ እጅ ሁሉ በፊት ኳስ ለዚህ ሰው ለእናት የሚገባ እንጀራ ነበረች።

በአስመራ የጀመረው በክልሶች ቡድን ነው። የአባቶቹ ልጆች ለብቻ፣ የእናቶቹ ልጆች ለብቻ በሚጫወቱባት ከተማ፣ ክልሶቹም ለብቻቸው ይጫወቱ ነበር። ሜዳ ሰውን ያቀራርባል ይባላል፤ ሆኖም ሜዳ ራሱ የኅብረተሰቡ መስተዋት ነውና ኅብረተሰቡ የተከፋፈለ እንደሆነ ሜዳውም ይከፋፈላል። ሉቻኖ ከዚህ አጥር የወጣው በችሎታው ነው። ከመስከረም 1945 ዓ.ም. ጀምሮ ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትተሳሰር ለአስመራ ተጫዋቾች የብሔራዊ ቡድን በር ተከፈተ፤ ሉቻኖም በዚህ በር ገባ። ከዚያም ወደ ድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተዛወረ። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎም የዚሁ ቡድን አጥቂ ነበር።

የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ ያሸነፈ የሠራተኛ ቡድን ነው። ድሬዳዋም እንደ አቃቂ ሁሉ ሐዲድና ጥጥ ያቆሟት፣ ሐረሪው፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ከተማ ነበረች። በእንዲህ ያለ ቦታ ስሙ ሉቻኖ የሆነ ተጫዋች ለማንም ብርቅ አይደለም። ኳስ በእግሩ ሲገባ ተመልካቹ የሚያየው የሚያቀብለውን ነው። የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ የሰውን ማንነት የሚለካው በፈረቃው ውስጥ ባለው ድርሻ እንደሆነ ሁሉ፣ ሜዳ ላይም የሚለካው በዚሁ መሥፈሪያ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከሠራተኛው ሜዳ ወጥቶ ወደ ክብር ወንበሩ ሲቀረብ ነው።

ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲዘጋጅ ተወዳዳሪ እንዲሆኑ የታሰቡት አገሮች አራት ነበሩ፤ ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቱ ከውድድሩ ውጭ ሆነ። ተጋጣሚው ትሆን የነበረችው ኢትዮጵያም ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። እንግዲህ የአፍሪካ ዋንጫ ገና ሲወለድ የጸናበት መሠረት አንድ ነው፦ በአንድ ማልያ ሥር የደም ልዩነት የለም። ኢትዮጵያም የዚህ መርህ መሥራችና ጠበቃ ነበረች። መርህ ግን በውጭ አገር ስብሰባ ላይ ሲናገሩት ቀላል ነው። በገዛ ቤት፣ በገዛ ሕዝብ ፊት፣ በገዛ ንጉሥ ፊት ሲሆን ይፈተናል።

ፈተናው ከ5 ዓመት በኋላ መጣ። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ተሰለፉ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። የፍጻሜው ቀን እሑድ ጥር 13 ነበር፤ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ቃና ዘገሊላና ሚካኤል በገቡ ማግሥት። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰ ሕዝብ፣ የክት ልብሱን ገና ያላጠፈ ሕዝብ፣ ስታዲየሙን ሞላው። የኢትዮጵያ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። ፊት ለፊቱ የቆመው ቡድን ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደ ነው።

በ35ኛው ደቂቃ በደዊ ለግብፅ አገባ። ኢትዮጵያ እኩል ለመሆን ከግማሽ ሰዓት በላይ ደከመች፤ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባና ስታዲየሙ ተናወጠ። ደስታው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ በደዊ ሁለተኛውን ጨመረ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ብዙ ቡድን ይሰበራል፤ እኩል ሆኖ መልሶ መመራት መጀመሪያውኑ ከመመራት ይከብዳልና። ሉቻኖ ግን በ84ኛው ደቂቃ አገባ፤ 2 ለ 2 ሆነ። መደበኛው ጊዜ አልቆ ጭማሪ ተሰጠ። በ101ኛው ደቂቃ ታናሹ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን ጎል አስቆጠረ። በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አክሎ ነገሩን ዘጋው። ከኢትዮጵያ አራት ጎሎች ሁለቱ ከአንድ እናት ቤት የወጡ ነበሩ፤ የኢጣሊያ ሕግ ልጆች አይደሉም ያላቸው፣ የአስመራ ሜዳ ለብቻችሁ ተጫወቱ ያላቸው ወንድማማቾች።

ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለአምበሉ ሰጡ። የዚያ ቀን ሥዕል በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። ከሥዕሉ በስተጀርባ ያለው ግን ብዙም አይነገርም። ሉቻኖ በኋላ እንደተረከው፣ አንዳንድ ባለሥልጣኖች የውጭ አገር ስሙን በአገርኛ እንዲለውጥ ጠይቀውት ነበር፤ ክልስ አምበል ከንጉሡ እጅ ዋንጫ መቀበሉም ስላልተዋጠላቸው አምበልነቱ ለሌላ እንዲተላለፍ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን የተቃወሙት የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። አምበሉ ሳይለወጥ ቀረ።

ይድነቃቸው ተሰማ ይህን ያደረጉት ለአንድ ተጫዋች አዝነው ብቻ አይደለም። እኚህ ሰው በወረራው ዘመን ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ሲከለከል በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ውስጥ ወጣት ተጫዋች ሆነው የዘር አጥር ምን እንደሆነ በእግራቸው የረገጡ ናቸው። ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ የአፓርታይዱን ደቡብ አፍሪካ ከዓለም የኳስ መድረክ ለማራቅ ሳይታክቱ ታግለዋል። አፓርታይድን በውጭ የሚታገል ሰው በቤቱ የደም ምርመራ ቢፈቅድ ኖሮ ትግሉ ባዶ ቃል በሆነ ነበር። በስታዲየሙ ጓዳ የተናገሩት «አይሆንም» እና በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ የተናገሩት «አይሆንም» አንድ ቃል ናቸው።

የስሙ ጉዳይም ሊጤን ይገባዋል። ስም መለወጥ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰው ሲጠመቅ፣ ሲመነኩስ፣ ሲነግሥ ስም ይቀይራል። እነዚህ ሁሉ ግን የሚጨምሩ ስሞች ናቸው። ከሉቻኖ የተፈለገው የሚቀንስ ስም ነበር፤ ግማሽ ታሪኩን አውልቆ እንዲገባ ነበር የተጠየቀው። እርሱ ግን ባለው ስም ገባ። ይህም ትዕቢት አልነበረም። አባቱን ሕግ ነጥቆታል፤ ስሙን ደግሞ ራሱ ቢጥል ምን ይቀረው ነበር? በዚያ ላይ የ1922ቱ የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር። የእናት ደም ብቻውን በቂ መሆኑን ሕጉ ያውቃል። ያላወቀው የባለሥልጣኑ ወግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሉቻኖ ለብዙ ዓመታት ማልያውን አላወለቀም። በ1960 ዓ.ም. አገሪቱ ዋንጫውን ለሁለተኛ ጊዜ ስታስተናግድም ተሰልፏል። መጫወት ካቆመ በኋላ በአሠልጣኝነትና በመካኒክነት ሙያው ኖረ። በ1970 ዓ.ም. ግን፣ ሽብርና እስር አገሪቱን በሸፈነበት ወቅት፣ በጅቡቲ በኩል ተሰዶ ወደ ኢጣሊያ ገባ። በአንድ ወቅት አገሪቱን ወክሎ ዋንጫ ያነሣ ሰው እንደ ማንኛውም ስደተኛ በሌሊት ድንበር ሲሻገር ማሰብ ለኅሊና የሚከብድ ነው። በአባቱ አገር ከሮማ አጠገብ በምትገኘው በኦስቲያ ተቀምጦ፣ መኪና እየጠገነ፣ ሕፃናትን ኳስ እያስተማረ ኖረ። በኢትዮጵያ «ጣሊያኑ» እንዳልተባለ ሁሉ በዚያ ደግሞ አፍሪካዊው ሆነ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ አስመራ ልጄ ትለዋለች፣ አዲስ አበባ አምበሌ ትለዋለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያሳዝነው ግን ሁለቱም ይህን አጥብቀው የሚሉት ሰውዬው መስማት ካቆመ በኋላ መሆኑ ነው።

የዚህ ታሪክ ግልባጭ በአውሮፓ ታይቷል። በ1979 ዓ.ም. በቼኮዝሎቫኪያዋ ትሬቢች ከተማ ከኢትዮጵያዊ ሐኪምና ከቼክ እናት የተወለደው ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ የመስመር ተጫዋች ነበር። ከኋላ መስመር ተነሥቶ የሜዳውን ጠርዝ እንደ ክንፍ ተጫዋች እየተመላለሰ የሚያካልል ሰው ነው። የመስመር ተጫዋች ኑሮው ከባድ ነው፤ በአንድ ወገኑ ሜዳው፣ በሌላ ወገኑ ተመልካቹ አለ። ስድቡም ጭብጨባውም መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ ዘንድ ነው። ቴዎዶር በ2004 ዓ.ም. ከስሎቫን ሊበሬጽ ጋር የቼክ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ተሰለፈ። በቭሮጽላቭ ከሩሲያ ጋር በተደረገው ጨዋታ በቆዳ ቀለሙ ምክንያት ከተመልካች ስድብ እንደተሰነዘረበት ተነግሮ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ምርመራ ከፈተ። እርሱ ግን መስመሩን አልለቀቀም፤ ወደ ጀርመኑ ቬርደር ብሬመን ተዛውሮ ለ9 የውድድር ዘመናት ተጫወተ። በጀርባው ላይ የተጻፈው የአያቶቹ የግዕዝ ስም በቼክ አንደበት ተጠራ። ሉቻኖ የአባቱን የባዕድ ስም ይዞ ለእናቱ ወገን ተጫወተ፤ ቴዎዶር የአባቱን የኢትዮጵያ ስም ይዞ ለእናቱ አገር ተጫወተ። ሁለቱም ስማቸውን አልጣሉም፤ ሁለቱም በስማቸው ምክንያት ዋጋ ከፈሉ።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ በቡድኑ ውስጥ በአሜሪካ ያደገው ፉአድ ኢብራሂምና በስዊድን ይጫወት የነበረው ዩሱፍ ሳላህ ነበሩበት፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበላቸው። ይሁን እንጂ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። በውጭ አገር ተወልዶ ወይም ከወላጆቹ በአንዱ ምክንያት የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው አንድ ወጣት ከአባቱና ከእናቱ አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል ማለት ነው። አገር ጠባቂ እንደመሆኗ ለዚህ የራሷ ምክንያት ሊኖራት ይችላል፤ አንድ ሰው ለሁለት ጌታ አይገዛም የሚለው አሳብ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሕጉን የሚመረምር ሁሉ የጥር 13ን ስታዲየም ማስታወስ አለበት። በዚያ ቀን ኢትዮጵያን ያዳኗት ግማሽ ሰዎች አልነበሩም፤ ሁለት ጊዜ ሙሉ የሆኑ ሰዎች ነበሩ።

ይህ ለመምህሩ፣ ለአርቲስቱና በየደረጃው ሕዝብን ለሚያስተባብረው ሁሉ የሚተወው የቤት ሥራ አለ። ስለ ዓድዋ ቴአትር ተጽፏል፣ ሐውልት ቆሟል፣ ተዘምሯል፤ ይገባልም። የሉቻኖ ቫሳሎ ሕይወት ግን እስከ ዛሬ ለደራሲው ብዕርና ለሠዓሊው ብሩሽ ሰፊ እርሻ ሆኖ ይጠብቃል፤ አባቱን ሕግ የነጠቀው ልጅ፣ ለእናቱ እንጀራ የሮጠ እግር፣ ከዋንጫው በፊት የተደረገው ክርክር፣ የኦስቲያው የመኪና ጥገና። የታሪክ መምህሩም ስለ አፓርታይድ ሲያስተምር የካርቱሙን ውድድርና የአዲስ አበባውን ጓዳ አጣምሮ ቢያስተምር ተማሪው መርህ ማለት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሕይወት ይማራል።

አቃቂ በሰቃ ዛሬ በአዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አካል ሆኗል። በዚህ የኢንዱስትሪ መንደር የሚያድገው ልጅ ከየትኛው ክፍለ አገር እንደመጣ የአባቱ ስም ይናገራል፤ የአንዱ እናት ከአንድ ብሔር፣ አባት ከሌላ፣ የአንዱ አያት ከባሕር ማዶ ሊሆኑ ይችላሉ። ልጁ በአቧራው ሜዳ ጠርዝ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ከዳር ቆሞ የሚመለከተው ሰው ሁለት ዓይነት ጩኸት መጮህ ይችላል። «የማነው ልጅ?» ሊል ይችላል፤ «አቀብል!» ሊልም ይችላል። የመጀመሪያው ልጁን ያቆመዋል። ሁለተኛው ጨዋታውን ያስቀጥላል።